ሳጥኑና ረጅሙ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ከጥበቃው እስከ ኃላፊዋ ድረስ "ጋሼ ዋናው" ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አንገቱን ብቅ እያደረገ "ዋናው የታለ?" ሲል የኖረ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባል? ኮፒ ይዘህ ከመጣህ አይነካልህም። ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት ከሰጠኸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ በትሕትና ይመልስልሃል። "የኔ ወንድም፣ ይሄማ ጥላው ነው። ዋናውን አምጣልኝ።" ሰው እየተራገመ ይወጣል። በማግስቱ ዋናውን ይዞ ከመጣ ግን አምስት ደቂቃ አያቆመውም፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ማኅተሙን ራሱ ሄዶ ያስመታለታል። ተላላኪዋ "ጋሼ ሰማይ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ መልአኩን ነው መታወቂያ የሚጠይቁት" እያለች ትቀልድበታለች። እሱም ይስቃል፤ ቀልዱ ሃያ ጊዜ ተደጋግሞም ይስቃል።

ይኸው ሰው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ያ ጉድ የመጣው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት በየሜዳው ወድቀው የቀሩት ወታደሮች አጽም ተሰብስቦ ለየቤተሰቡ ይሰጥ ተባለ። ደግ ነገር ነው፤ ማን ይጠላዋል? ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቅጽ ተባዛ፣ ቅጹን የመመርመሩ ሥራ ለመዝገብ ቤቱ ተሰጠ። መዝገብ ቤቱ ማለት ደግሞ እሱ ነው። "የድሮ ወታደርም አይደሉ? ከእርስዎ የተሻለ ከየት ይመጣል?" አሉት። ቅጹ ላይ ስም አለ፣ ክፍለ ጦር አለ፣ ቦታ አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ "ምስክሩ በዓይኑ ያየው" የምትል ሰፊ ዓምድ አለች። ያቺን ዓምድ ያስገባት ራሱ ነው። ካልገባች አልፈርምም ብሎ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተሟግቶ ነው ያስገባት። ሰው ጉድጓዱን በገዛ እጁ እንዴት እንደሚቆፍር እንግዲህ ልብ በሉልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ የታናሽ ወንድሙን ቅጽ ይዞ መጣ። በጥንቃቄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልቶታል። ጋሼ ዋናው አነበበና መነጽሩን ሰቀለ።

"'ሰዎች እንደነገሩኝ ከወንዙ ማዶ ወደቀ' ነው የሚለው። የነገሩህ ሰዎች አይተዋል?"

"አንደኛው አይቷል ይባላል።"

"ይባላል አይበቃም፣ የኔ ጌታ። ያየውን ሰው ፈልገው።"

"ያየውም ሞቶ ከሆነስ?"

"እንግዲያው አላውቅም ብለህ ጻፍ። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። በግምት ብንቆፍር የሌላ እናት ልጅ ላንተ እንሰጥሃለን። ያቺ እናት ደግሞ ባዶ እጇን ትቀራለች።"

ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበ። "እውነትዎን ነው" አለና እስክሪብቶ ለመነ። የጻፈውን ሰርዞ "አላውቅም" ብሎ ጻፈ። ጋሼ ዋናው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ እስከ ጆሮው ድረስ ነደደ። አፈረ።

ሰውየው ከመውጣቱ ኃላፊዋ ገባች። በዕድሜ ልጁ ብትሆን ነው፤ ግን ደህና አድርጋ ትመራለች።

"ጋሼ፣ የሁሉ ሰው ቅጽ ገብቶ የእርስዎ ቤት ብቻ ነው የቀረው። ዓርብ እንዘጋለን፣ ሰኞ መኪናው ይነሳል።"

"በእጄ ነው ያለው።"

"እርስዎማ የሚስትዎን ወንድም በገዛ እጅዎ ነው የቀበሩት፤ ሁለት መስመር ቢጽፉ ያልቃል። እኔ ነኝ እንዴ አሁን ዋናው የታለ የምልዎት?" ብላ ሳቀች።

በሩ አጠገብ ቆሞ ሻይ ይጠጣ የነበረው የቁፋሮው ኃላፊ፣ ደግ ሰው ነው፣ እሱም ነገሩ ገብቶት ሊያጽናና ፈለገ። "አይጨነቁ ጋሼ። የመቃብሩ ምልክት ነው ያሉት ዛፍ ቢቆረጥም፣ ድንጋዩ ቢነሳም ግድ የለም። እዚያ አካባቢ አካፋ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አጥንት ነው። ለእናትየው ባዶ እጃችንን አንመለስም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ጋሼ ዋናው።

እኔ ነገር ማንጠልጠል አልወድም፤ እውነቱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ጋሼ ዋናው የሚስቱን ወንድም አልቀበረውም። እንኳን ሊቀብረው፣ መሞቱንም አላየም። በሕይወት እያለ ነው ጥሎት የሄደው።

የሚስቱ ወንድም የጦር ሜዳ ጓደኛው ነበር። በሩን ጎንበስ ሳይል ስለማይገባ "ረጅሙ" ነበር የሚሉት። ጋሼ ዋናው ራሱ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የሻለቃው ጸሐፊ ነው። ጠመንጃም ነበረው፤ ዋናው ሥራው ግን ሳጥን ነበር። በብረት የተሠራች፣ አንድ ሰው በጀርባው አዝሎ የሚያቃስትባት ሳጥን። ማን አለ፣ ማን ወደቀ፣ የማን እናት የት ትኖራለች፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ነው። ሽሽቱ የመጣ ቀን አዛዡ ጠራውና "ያቺ ሳጥን ከጠፋች እኛ አልነበርንም ማለት ነው" አለው። በዚያው ቀን ረጅሙ ዳሌው ላይ ተመታ። እሱም ሳጥኑን በጀርባው፣ ረጅሙን በትከሻው አድርጎ ግማሽ ቀን ሄደ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ወይ ሳጥኑ፣ ወይ ረጅሙ ሆነ። ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ይኸው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ የረጅሙን እናት ፈልጎ ሄደ። እግዜር ያውቃል፣ እውነቱን ሊናገር ነበር የሄደው። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲያጠና ነው የሄደው። እናትየው በር ላይ አገኙትና ሳያስቀምጡት፣ ውሃ እንኳን ሳይሰጡት "ልጄን አፈር ያለበሰው ሰው አለ?" አሉት። "እኔ ነኝ ያለበስኩት" አለ። ከየት እንደመጣበት አያውቅም። ሴትዮዋ ሁለት እጆቹን ያዙና ሳሟቸው፤ በየተራ፣ መዳፉንም ጀርባውንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እጁን ከተሳመ በኋላ ምን ብሎ ይመልሰው?

የጎደላቸውን እያየ ውሃ ሲቀዳላቸው፣ ጣሪያ ሲጠግንላቸው፣ ቀስ በቀስ ልጅ ሆነ። በሁለት ዓመቱ የረጅሙን እህት አገባ። የበኩር ልጁን በአጎቱ ስም ሰየመው። እናትየው አሮጊት ሲሆኑ ቤቱ አመጣቸው፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት አብረውት ናቸው፣ "እማማ" ነው የሚላቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ውሸቱ እየወፈረ መጣ። የት ነው የቀበርከው አሉት፤ ኮረብታ ላይ አለ። ጥላ አለው? ትልቅ ዛፍ አለ። ምልክት? ሦስት ድንጋይ። ሚስቱ አንድ ቀን ድስት እያጠበች "ራሱ ወደየት ነው?" ብትለው "ወደ ፀሐይ መውጫ" አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሱ ውሸት ግን እያደር ከበደ፤ ከሳጥኑም በላይ ከበደ።

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ እግሩን እየጎተተ ነው ደረጃውን የወጣው። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቱ በሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ ታስቆመዋለች። ዛሬ ግን ጉልበቱ ብቻ አይደለችም ያስቆመችው። በሩን ሲከፍት እማማ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ነጭ አንሶላ አለ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ዳርና ዳሩን በቀጭን ስፌት እየዘመዘሙት ነው። በሰማንያ አራት ዓመት ዓይን!

"መጣህ ልጄ? ና እስቲ መርፌዋን አስገባልኝ። ያቺ ልጅህ መነጽር ግዙላት ብትልም አልሰማኋትም፤ ለመርፌ አንተ አለህልኝ።"

አስገባላቸው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው የገባለት።

"ሰፊ ነው አይደል? ረጅም ነበረ እኮ።"

"አጥንቱ ነው እማማ፣ ብዙ ቦታ አይፈልግም።"

"ቢሆንም ይንፈላሰስ። ስንት ዓመት ድንጋይ ላይ ተኝቶ።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ለሚስትህ ነግሬያታለሁ። እኔም ስሞት ከጎኑ ነው የምታስገቡኝ። ቦታ ቆጥባችሁ፣ አንድ ላይ። ልጄን አቅፌ ልተኛ፤ ሌላ ምን ቀረኝ?"

ያን ጊዜ ነው የልብስ ሰፊው ፊት ዓይኑ ላይ የመጣበት። የቁፋሮው ኃላፊ ያለው አልቀረም፤ ኮረብታ ፈልጎ፣ ዛፍ ፈልጎ፣ እዚህ ጋ ነው ብሎ ቢጠቁም አጥንት አይጠፋም። እማማ የሌላ ሰው ልጅ በዚህ አንሶላ ጠቅልለው፣ የሰው ልጅ አቅፈው ለዘላለም ይተኛሉ። ማንም አያውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ባይናገር የልብስ ሰፊው ወንድም ሊሆን ይችላል የሚሰርቀው፤ ቢናገር ደግሞ ቤቱን ነው በአንድ ቃል የሚያፈርሰው። ራት ላይ ሁለት ጉርሻ በልቶ ደከመኝ ብሎ ተነሳ። ረቡዕም እንዲሁ። ቅጹ በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ይነካዋል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በሥራ ሰዓት የወጣው፤ ሁለቱም ልጆቹ ሲወለዱ ነበር። ሚስቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ቀድማው ገብታ ጠረጴዛው ላይ የልጆች ደብተር ታርማለች። እማማ ከጎኗ አንሶላውን እያጠፉ ነው።

"ምነው ዛሬ? አሞሃል እንዴ?" አለችው ሚስቱ።

"አላመመኝም። ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሽማል። እኔ ልቀመጥ።"

ተቀመጠ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ሳይጠጣው ከፊቱ አስቀመጠ። ከዚያ ሳይዞር፣ ሳይጠመዘዝ ተናገረው። አልቀበርኩትም አለ። ኮረብታ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። ከመንገድ ዳር ውሃ የምታሳልፍ ትንሽ የግንብ ቱቦ አለች፤ እሷ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። በሕይወት ነበረ። ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ።

ሚስቱ ቀይ እስክሪብቶዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ድምጿን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም፤ ሃምሳ ሕፃን በሹክሹክታ የምታስተምር ናት። "ልጃችንን በስሙ ስትጠራው ምን ይሰማህ ነበር?" አለችው።

"ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ነው የሚገርመኝ።"

"ራሱ ወደየት ነው ብዬህ..." ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ደብተሮቹን ሰብስባ ደረቷ ላይ አቀፈች፤ ልትሄድ ተነሳች፤ እናቷን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

እማማ አንሶላውን ማጠፍ አላቆሙም። አራት አጥፈው፣ ስምንት አጥፈው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ ጫኑ።

"ሲለይህ ምን አለህ?"

"'ቶሎ ና' አለኝ።"

"አንተስ?"

"ሳጥኑን ድልድዩ ጋ አስረክቤ እመለሳለሁ አልኩት። አንድ ሰዓት አልኩት። የውሃ ኮዳዬን ሰጠሁት።"

"ታዲያ ምን ያዘህ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሰውየው የተፈተነው። ድልድዩን አፈረሱት ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም አፍርሰውታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ድንገት ከተያዘ የሚላትን አዘጋጅቶ ነው የኖረው፤ ድልድዩ ፈረሰ፣ መሻገሪያ አጣሁ። ማን ይፈርድበታል? አፉ ላይ ደርሳለች። ዋጣት።

"ተኛሁ፣ እማማ።"

"ምን አልክ?"

"ተኛሁ። ተሻግሬ ሳጥኑን አስረከብኩ፣ ፈረምኩ፣ ውሃ ሰጡኝ። እግሬን ላሳርፍ ብዬ እዚያው አንድ ግንብ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ለአፍታ ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም፤ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት ድልድዩ ሲፈነዳ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው እየተሻገረ ነበር። ልመለስ ብል የሚከለክለኝ ማንም አልነበረም።"

ታች ግቢው ውስጥ አንዱ መኪና ለማስነሳት ይታገላል፤ ሞተሩ እህ እህ ይልና ይጠፋል።

"እንግዲያው ሲጠብቅህ ነው የሞተው" አሉ እማማ።

"አዎ።"

"ይመጣል እያለ።"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔ ደግሞ ጓደኛው እጅ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው እያልኩ ስጽናና ኖርኩ።" አንሶላቸውን ይዘው ተነሱ። ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፤ እጁን እንዳላዩ ሆነው የሶፋውን መደገፊያ ያዙ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ሚስቱም ተከትላ ገባች። ውሃው ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ እሱም ብቻውን ተቀመጠ። ቀለለኝ ይላል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልቀለለውም። ደከመው እንጂ።

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ሞላ። ሰፊዋን ዓምድ እስከ ጠርዟ ሞላት፤ ቱቦዋን፣ የመንገዱን መታጠፊያ፣ እንቅልፉን ሳይቀር ጻፈ። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ የእንቅልፉ ነገር... ለቁፋሮው የሚያስፈልግ አይመስለኝም። 'በሕይወት እያለ ተለየሁት' ብቻ ብንለውስ?"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ይቀመጥ።"

ማኅተሙን መታችለት።

ሰኞ ማለዳ መኪናው መጣ። እማማ አይሄዱም ብሎ ነበር የገመተው፤ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። አራት ቀን ሙሉ "ልጄ" አላሉትም። "አንተ፣ በሩን ዝጋው" ይላሉ፣ "አንተ፣ ስልክህ ይጮሃል" ይላሉ። ስድብ ቢሰድቡት በቀለለው ነበር። ደረጃውን ሹፌሩ ደግፎ አወረዳቸው። አንሶላው በፌስታል ውስጥ ሚስቱ እጅ ላይ ነው። እሷም የምታናግረው ለጉዳይ ብቻ ነው፤ ግን ሲወጡ የኮቱን ኮሌታ አይታ፣ ታጥፎ ነበርና፣ ሳትናገር አቃናችለት። ያቺን ኮሌታ እስከ ወንዙ ድረስ ሲነካካት ሄደ።

መንገዱ ተለውጧል። አስፋልት ሆኗል፣ ቤት ተሠርቶበታል፣ ድልድዩም አዲስ ነው፣ ሰፊ፣ ብረቱ ቀለም የተቀባ። ድልድዩን ተሻገሩ፤ መታጠፊያውንም አልፈው ትንሽ ሄዱ። "እዚህ ጋ አቁምልኝ" አለ ጋሼ ዋናው። ቱቦዋ እንዳለች ነች። አስፋልቱ በላይዋ ተነጥፎ፣ የድሮው ግንብ ግን በጎን በኩል አንድ ሰው ተቀምጦ እግሩን የሚያንጠለጥልባትን ያህል ወጣ ብሎ ቀርቷል። አሁንም ትንሽ ናት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት በእንቅልፉም በእውኑም ሲያያት ግን ትልቅ ነበር የምትመስለው።

ቆፋሪዎቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ግራና ቀኙን ቆፈሩ። ቦዩን ወርደው፣ ከቱቦዋ አፍ እስከ ማሳው ጠርዝ ፈተሹ። አንድ የጫማ ሶል ተገኘ፤ የማንም ሊሆን ይችላል። የቁፋሮው ኃላፊ ላቡን እየጠረገ ወደ ጋሼ ዋናው ጠጋ አለ።

"ሠላሳ ስድስት ክረምት ነው ጋሼ፤ በዚህ ቦይ ስንት ጎርፍ አልፏል። ወይም የመንገድ ሥራው ሲመጣ..." ድምጹን ዝቅ አደረገ። "ከወዲያ ማዶ ቀደም ሲል ስም የሌላቸው ሦስት አግኝተናል። እናትየውን ሳያቸው አንጀቴን በሉት። ቢፈልጉ..."

"አይሆንም፣ የኔ ወንድም። ደግነትህ ይታወቅልኝ፤ ግን አይሆንም።"

ለእማማ ራሱ ነው ሄዶ የነገራቸው። በሰው አላስነገረም። "አላገኘነውም እማማ" አለ። መኪናው ውስጥ በሩ ተከፍቶላቸው ተቀምጠው ነበር። አንድም እንባ ሳይወጣቸው ሰሙት። ከዚያ ሹፌሩን ጠርተው አውርደኝ አሉት። በሹፌሩ ክንድ ተደግፈው ቱቦዋ ድረስ ሄዱ፤ ምርኩዛቸውን አስቀድመው፣ ቀስ ብለው ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ አንሶላውን አወጣችና ከፀሐይ ልትከልላቸው በራሳቸው ላይ ዘረጋችው።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

"ወዴት እያየ ነበር?"

"ወደ ድልድዩ።"

እማማም ወደ ድልድዩ ዞሩ። ከቱቦዋ ድልድዩ አይታይም፤ መንገዱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ መታጠፊያው ጋ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ አዩት።

"ሂድ" አሉት።

"የት እማማ?"

"ድልድዩ ጋ። ሂድና ተመለስ።"

ሹፌሩ ደንገጥ ብሎ ቁልፉን አወጣ። "እኔ ላድርሳቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፣ በመኪና ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ..."

"በእግሩ" አሉ እማማ። "እኔ እዚህ እጠብቀዋለሁ።"

ሚስቱ አፏን ከፈተች፤ ልትከራከርለት ነበር መሰለኝ። ግን አንሶላውን አስተካክላ ያዘች።

ሄደ። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ሰው፣ ኮቱን ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአስፋልቱ ዳር። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ጀመረችው፤ ቁጭ ብዬ ልሻት አለና ተወው። የሚያልፉ መኪኖች ጡሩምባ ይነፉበታል፤ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ "አባት፣ ልጫንዎት?" አለው፤ በእጁ አሳለፈው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቀለም የተቀባውን ብረት ያዘ። ከሥሩ ወንዙ ይፈሳል። የድልድዩ ግንብ ጥላ አለው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ አፉ ደርቋል፣ ሰውነቱ ሁሉ ቁጭ በል፣ ለአፍታ ብቻ ይለዋል። አልተቀመጠም። ዞረ።

መመለሱ ከመሄዱ ባሰ። አነከሰ። ሁለት ጊዜ ቆሞ የመንገዱን ምሰሶ ተደገፈ። ሳያስበው እያለቀሰ ነበር የሚሄደው፤ ላቡና እንባው ተቀላቅሎ አይለይም፤ ማን ያየዋልና ይጠርገዋል? መታጠፊያውን ሲያልፍ በሩቅ ነጩ አንሶላ ታየው። ፀሐይዋ አዘንብላለች። ሚስቱ ክንዷ ዝሎ በሌላው ክንዷ ትደግፈዋለች፤ እማማ በሥሩ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። ሰማንያ አራት ዓመት ያደከመው ዓይን እስኪለየው ድረስ ብዙ መቅረብ ነበረበት።

ከፊታቸው ደርሶ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጊዜ ወሰደበት።

"ቆየህ" አሉት።

"ቆየሁ፣ እማማ።"

እማማ ከጎናቸው ያለውን ግንብ በመዳፋቸው አቧራውን ጠረጉለት፤ ፈቀቅም አሉ። ከጎናቸው ተቀመጠ።